ድካሙ የበሬው ነው ወይስ የምራኑ?
የአነስተኛ ትራክተር የኤሌክትሪክ ብልሽትን በዘዴ ስለ መመርመር

መግቢያ

በላስታ ደጋ ያደገ ሰው የእርሻ ዕቃ ክፍሎችን ስም ከፊደል ቀድሞ ያውቃል። የበሬው ጉልበት ከጫንቃው ወደ ቀንበር፣ ከቀንበሩ በምራን አማካይነት ወደ ሞፈር፣ ከሞፈሩም ወደ ማረሻው ይተላለፋል። ከእነዚህ መካከል አንዱ ቢላላ በሬዎቹ ምንም ያህል ቢጎትቱ ማረሻው አፈሩን ይቧጭራል እንጂ አይሰምጥም። ይህ ሲሆን ልምድ ያለው ገበሬ በሬውን ለመሸጥ ወደ ገበያ አይነዳም፤ አጎንብሶ ምራኑን ይፈትሻል።

ወደ ትራክተር ስንመጣ ግን ይህ ጥበብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ቁልፉ ዞሮ ሞተሩ አልነሳ ሲል የሚሰጠው የመጀመሪያ ፍርድ «ባትሪው ሞቷል» የሚል ነው። ባትሪው ተለውጦ ችግሩ ሲመለስ ደግሞ ሞተሪኖው፣ ከዚያም ዲናሞው በተራ ይወቀሳሉ። በዚህ መንገድ ጤነኛ ዕቃ ይጣላል፣ ገንዘብ ይባክናል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የማይመለስ የእርሻ ቀን ያልፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ አሽከርካሪ ወይም ጀማሪ ሜካኒክ በጥቂት መሣሪያና በአንድ ቀላል የፊዚክስ ሕግ ተመርቶ ብልሽቱ የት እንዳለ ለይቶ እንዲያውቅ ማገዝ ነው።

ጉዳዩ ለምን ያሳስበናል?

ትራክተር በአገራችን ይበልጥ የሚታወቀው እንደ አርሲና ባሌ ባሉ ሰፋፊ ሜዳዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የተመሠረተውና ካዱ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የጭላሎ የግብርና ልማት ዩኒት በተንቀሳቀሰበት አካባቢ የትራክተር እርሻ ተስፋፍቶ ነበር። በደርግ ዘመንም በአዳማ (ናዝሬት) የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተቋቁሟል። ላስታ ግን የበሬ አገር ነው። ተዳፋቱ የበዛ፣ ማሳውም ድንጋያማና የተቆራረጠ በመሆኑ ትልቅ ትራክተር እንደ ልብ መዞሪያ አያገኝበትም። ከ15 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ያለው አነስተኛ ትራክተር ግን ሜዳማ በሆኑና በኩታ ገጠም ሊታረሱ በሚችሉ ቦታዎች፣ እንዲሁም ጋሪ ለመጎተትና ውሃ ለመሳብ ሊያገለግል ይችላል።

ለትምህርታችን እንዲረዳን ከወልድያ ወደ ላሊበላ ከሚወስዱት መንገዶች በአንዱ ላይ በምትገኘው በኩልመስክ አካባቢ እንዲህ ያለ አንድ ትራክተር አለ ብለን እናስብ። በላስታ ደጋ ዝናብ በልግና ክረምት ተብሎ ሁለት ጊዜ ይጠበቃል፤ በልጉም አጭርና የማያስተማምን ነው። አፈሩ ረጥቦ ለእርሻ የሚመችባቸው ቀናት ጥቂት በመሆናቸው ለሦስት ቀን የቆመ ትራክተር የሦስት ቀን ሥራ ብቻ አያስቀርም፤ የወቅቱን ዘር ሊያስቀር ይችላል። መለዋወጫ ፍለጋ ወልድያ ወይም ደሴ ድረስ መውረድ ግድ ሲሆን ደግሞ ያልተበላሸውን ዕቃ ገዝቶ መመለስ ምን ያህል እንደሚጎዳ መገመት አያዳግትም።

የአካባቢው የአየር ጠባይም የራሱ ድርሻ አለው። በብርድ ጊዜ በባትሪው ውስጥ ያለው ኬሚካዊ ለውጥ ስለሚዘገይ ባትሪው የሚሰጠው ኃይል ይቀንሳል፤ የሞተር ዘይቱ ስለሚወፍር ደግሞ ሞተሩን ለማዞር የሚያስፈልገው ኃይል ይጨምራል። በላሊበላ ከፍታ፣ ማለትም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። የናፍጣ ሞተር የሚነሳው የታመቀው አየር በሚፈጥረው ሙቀት በመሆኑ አየሩ ሲሳሳ የማሞቂያ ካንዴላዎች ጤንነት ይበልጥ ወሳኝ ይሆናል።

የፊዚክሱ መሠረት

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጌዎርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው ሥራ ላይ የተመሠረተው ሕግ ሦስት ነገሮችን ያገናኛል። እነርሱም ኮረንቲውን የሚገፋው ቮልቴጅ፣ በሽቦው ውስጥ የሚፈሰው ኮረንቲ (መለኪያው አምፔር) እና ፍሰቱን የሚያውከው ሬዚስታንስ (መለኪያው ኦም) ናቸው። ሕጉ ባጭሩ ሲገለጽ ቮልቴጅ ኮረንቲ በሬዚስታንስ ሲባዛ የሚገኘው ውጤት ነው።

ከዚህ ሕግ ለሥራችን የሚጠቅም አንድ ትልቅ ቁም ነገር እናገኛለን። በዝገት ምክንያት 0.018 ኦም ሬዚስታንስ ያደረበት አንድ ማያያዣ አለ እንበል። ቁጥሩ ከቁጥር የሚገባ አይመስልም። 55 ዋት የሆነው የፊት መብራት በ12 ቮልት ሲበራ የሚወስደው ኮረንቲ 4.6 አምፔር ገደማ ነው። በዚህ ማያያዣ በኩል ሲያልፍ የሚጠፋው ቮልቴጅ 4.6 በ0.018 ሲባዛ 0.08 ቮልት ብቻ ስለሚሆን መብራቱ ደምቆ ይታያል። ሞተሪኖው ግን 150 አምፔር ቢፈልግ የሚጠፋው ቮልቴጅ 150 በ0.018 ሲባዛ 2.7 ቮልት ይደርሳል። በማያያዣው ላይ ወደ ሙቀት የሚለወጠው ኃይልም 2.7 በ150 ሲባዛ 405 ዋት ይሆናል። ስለሆነም «መብራቱ ደህና ስለሚበራ ገመዱ ጤነኛ ነው» የሚለው አነጋገር ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ሌላም ነገር እንገነዘባለን። ይህን የመሰለ አነስተኛ ሬዚስታንስ በተራ ቴስተር የኦም መለኪያ ማግኘት አይቻልም፤ የቴስተሩ የራሱ ሽቦዎች ሬዚስታንስ ከዚህ ይበልጣልና። ማግኘት የሚቻለው ዑደቱ በሥራ ላይ ሳለ የጠፋውን ቮልቴጅ በመለካት ነው። በሬ በረት ውስጥ ቆሞ ጉልበቱ እንደማይታወቅ ሁሉ የኤሌክትሪክ መሥመርም በሥራ ላይ እንጂ ባረፈበት ጊዜ አይፈተንም። የጽሑፉ ዋና መልእክት ይህ ነው።

መሣሪያዎችና ጥንቃቄዎች

የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው፤ ቮልት፣ አምፔርና ኦም የሚለካ ቴስተር፣ ሁለት ሽቦ የተበየደለት የ12 ቮልት አምፖል፣ የብሎን መፍቻ ቁልፎች፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የሽቦ ብሩሽ ወይም የብርጭቆ ወረቀት እና ጥቂት ግሪስ።

ከሥራው በፊት የሚከተሉትን ማክበር ግዴታ ነው። አንደኛ፣ ባትሪ ኃይል በሚሞላበት ጊዜ ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚያወጣ ክብሪትም ሆነ ሲጋራ አጠገቡ መለኮስ አይገባም። ሁለተኛ፣ ባትሪ ሲፈታ አስቀድሞ ነጌቲቩ፣ ሲታሰር ደግሞ በመጨረሻ ነጌቲቩ መሆን አለበት፤ አለዚያ መፍቻው የትራክተሩን አካል ሲነካ ከፍተኛ ብልጭታ ይፈጠራል። ሦስተኛ፣ የባትሪው አሲድ ቆዳ ወይም ዓይን ከነካ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ዓይን ከሆነም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

አራተኛው ለሕይወት የሚያሰጋ በመሆኑ ልዩ ትኩረት ይሻል። አንዳንድ ሰው ትራክተሩ አልነሳ ሲል ከመንኮራኩሩ አጠገብ ቆሞ የሞተሪኖውን ሁለት ራሶች በካቻቢቴ ያገናኛል። ይህ ድርጊት ማርሹ ነጻ ካልሆነ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚከላከለውን መቆጣጠሪያ ዘሎ ያልፋል። ማርሽ ውስጥ ያለ ትራክተር በዚህ ሁኔታ ከተነሳ አጠገቡ የቆመውን ሰው ሊጨፈልቀው ይችላል። በቁልቁለት ለቅቆ በማንደርደር ማስነሳትም እንደ ላስታ ባለ ተዳፋት አገር ወደ ገደል መጋበዝ ነው። ብልሽቱን ፈልጎ ማግኘት ከሁለቱም የተሻለ አቋራጭ ነው።

የምርመራው ቅደም ተከተል

1. መስማትና ማየት

ቁልፉ ሲዞር የሚሰማው ድምፅ የመጀመሪያው መረጃ ነው። ምንም ድምፅ ከሌለ ችግሩ በአብዛኛው በፊውዝ፣ በቁልፉ ወይም በመከላከያ ስዊቾች መሥመር ላይ ነው። አንድ ጊዜ «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ ሶሌኖይዱ ቢሠራም ከፍተኛው ኮረንቲ ወደ ሞተሪኖው አልደረሰም፣ ወይም ሞተሪኖው ራሱ ታስሯል። በፍጥነት «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» ካለ የባትሪው ኃይል ደክሟል፣ አለዚያም ማያያዣው ላልቷል። ሞተሪኖው እያቃሰተ ቀስ ብሎ ከዞረ ባትሪው፣ ገመዱ ወይም ብርዱ ይጠረጠራል። በደንብ እየዞረ ሞተሩ ካልነሳ ደግሞ ናፍጣ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ሶሌኖይድ እንዲሁም የማሞቂያ ካንዴላዎቹን መመልከት ይገባል።

2. ባትሪው

ትራክተሩ ለጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ ቴስተሩን በባትሪው ሁለት ራሶች ላይ በቀጥታ እናሳርፋለን። 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ የሞላ ባትሪን፣ 12.2 ገደማ በግማሽ የጎደለን፣ ከ12.0 በታች ሊያልቅ የተቃረበን ባትሪ ያመለክታል። ይህ ግን ባትሪው ሲያርፍ ነው። ቀጥሎ ሞተሩ እንዳይነሳ የናፍጣ ማቋረጫውን ስበን አንድ ሰው ቁልፉን ለ5 ሰከንድ ያህል እንዲያዞር እናደርጋለን፤ ከ10 ሰከንድ በላይ ማዞር ሞተሪኖውን ያቃጥላል። በዚህ ጊዜ ቮልቴጁ ከ9.6 በላይ ከቆየ ባትሪው ሥራውን እየሠራ ነው። 12.6 የነበረው ወደ 7 ወይም 6 ከወረደ ባትሪው ውስጡ ደክሟል፣ ወይም ሞተሪኖው ከመጠን በላይ ኮረንቲ እየወሰደ ነው።

ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ የአሲዱን ጥግግት በሃይድሮሜትር መለካት ይቻላል። የሞላ ክፍል 1.26 እስከ 1.28 ያሳያል። ከስድስቱ ክፍሎች አንዱ ከሌሎቹ በ0.05 ያህል ከቀነሰ ያ ክፍል ተበላሽቷል። ውሃ የጎደለበትን በተጣራ ውሃ ብቻ መሙላት ይገባል፤ የምንጭም ሆነ የቧንቧ ውሃ በውስጡ የሟሟ ማዕድን ስለሚኖረው የባትሪውን ሳህኖች ይጎዳል።

3. ከባድ መሥመሮች

ባትሪው ደህና ሆኖ ከተገኘ ወደ «ምራኑ» እንሄዳለን። በመጀመሪያ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሪኖው ወፍራም ገመድ መታሰሪያ ላይ አድርገን ቁልፉ ሲዞር እናነባለን። ቀጥሎ አንዱን ጫፍ በባትሪው ነጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሪኖው አካል ላይ አድርገን እንደግማለን። ጫፎቹ የሚያርፉት በባትሪው ራስ ላይ እንጂ በማሰሪያው ላይ መሆን የለበትም፤ በራሱና በማሰሪያው መካከል ያለው ዝገት እንዳያመልጠን ነው። በእያንዳንዱ ወገን የሚነበበው ከ0.5 ቮልት ከበለጠ በዚያ መሥመር ላይ ብልሽት አለ። ከዚያ አንደኛውን ጫፍ በየማያያዣው እያቀረብን ስንሄድ ቁጥሩ በድንገት የወረደበት ቦታ የብልሽቱ ቦታ ነው።

ነጌቲቩ የሚታሰርበትን የትራክተሩን አካል ሜካኒኮች «ማሳ» ይሉታል። ከገበሬው ማሳ ጋር የሚገናኘው በድምፅ ብቻ ቢሆንም እንደርሱ ካልጸዳ ፍሬ አይሰጥም። ጭቃ፣ ቀለምና ዝገት በብሎኑ ሥር ስለሚከማቹ ብዙ ብልሽት የሚገኘው እዚህ ነው።

4. የቁልፍና የመከላከያ መሥመር

ቁልፉ ዞሮ ምንም ድምፅ ካልተሰማ ወደ ሶሌኖይዱ የሚሄደውን ቀጭን ሽቦ እንፈልጋለን። ቁልፉ ሲዞር በዚህ ሽቦና በማሳው መካከል 12 ቮልት ገደማ ከተገኘ ብልሽቱ በሶሌኖይዱ ወይም በሞተሪኖው ላይ ነው። ካልተገኘ ወደ ኋላ እንመለሳለን፤ ማርሹ ነጻ መሆኑን የሚያረጋግጠው ስዊች፣ የፍሪሲዮን ስዊች፣ የኃይል ማውጫ ዘንጉ ስዊች፣ የመቀመጫው ስዊች፣ ቁልፉና ፊውዙ በቅደም ተከተል ይፈተሻሉ። ቮልቴጅ ከአንዱ ስዊች ገብቶ ከወዲያኛው ወገን ካልወጣ ያ ስዊች ተበላሽቷል ወይም ከቦታው ተንሸራቷል። ስዊቹን ጠግኖ ወይም ለውጦ መመለስ እንጂ ለዘለቄታው በሽቦ ማለፍ ተገቢ አይደለም።

ፊውዝ ደጋግሞ ከተቃጠለ አንድ ሽቦ ተልጦ ማሳውን ነክቷል ማለት ነው። በፊውዙ ፋንታ ወፍራም ሽቦ ወይም የሲጋራ ወረቀት ብር ማስገባት እሳት መጥራት ነው። ይልቅስ በፊውዙ ቦታ ያዘጋጀነውን አምፖል እናስገባና በዚያ መሥመር ላይ ያሉትን መብራቶችና ሌሎች ዕቃዎች እንነቅላለን። አምፖሉ ደምቆ ከበራ ሽቦው ማሳውን እንደነካ ነው። ገመዶቹን በየቦታው ስናንቀሳቅስ አምፖሉ የጠፋበት ቦታ ብልሽቱ ያለበት ነው። ትራክተሩ ጭድ አጠገብ የሚያድር ከሆነ አይጥ የበላው ሽቦ ሊገኝ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

5. የማሞቂያ ካንዴላዎች

የካንዴላዎቹን ማገናኛ ፈትተን የአምፖላችንን አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በየካንዴላው ራስ ላይ እናደርጋለን። አምፖሉ ያልበራበት ካንዴላ ውስጡ ተቆርጧል። ሁሉም ጤነኞች ከሆኑ ቁልፉ ወደ ማሞቂያው ሲዞር ቮልቴጅ እስከ ማገናኛው መድረሱን እናረጋግጣለን።

6. ዲናሞው

ሞተሩ በመካከለኛ ፍጥነት ሲሠራ በባትሪው ራሶች ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ሊነበብ ይገባል። ከ13 በታች ከሆነ መጀመሪያ የዲናሞው ቺንጋ መላላቱን፣ ቀጥሎ ማያያዣዎቹን፣ በመጨረሻም ዲናሞውንና የቮልቴጅ መቆጣጠሪያውን እንመርምር። ከ15 ከበለጠ መቆጣጠሪያው ስለተበላሸ ባትሪው ይፈላል፣ ውሃውም ቶሎ ቶሎ ይጎድላል።

7. ሲያድር የሚያልቅ ባትሪ

ትራክተሩ ጠፍቶ ሳለ ኃይል የሚያፈስ መሥመር ካለ ቴስተሩን በአምፔር መለኪያው ላይ አድርገን በባትሪው ነጌቲቭ ራስና በተፈታው ገመድ መካከል እናስገባዋለን። በዚህ ጊዜ ቁልፉን ፈጽሞ አለማዞር ያስፈልጋል፤ ቴስተሩ ይቃጠላል። ከ0.05 አምፔር በላይ ከተነበበ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀልን ቁጥሩ የሚወርድበትን መሥመር እንለያለን። 0.5 አምፔር የሚያፈስ መሥመር በ24 ሰዓት 12 አምፔር ሰዓት ይወስዳል፤ 45 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪን አራት ቀን ሳይሞላ ይጨርሰዋል ማለት ነው። በበልግና በክረምት መካከል ለሳምንታት የሚቆም ትራክተር በዚህ ምክንያት ሊጎዳ ይችላል። ኃይሉ አልቆ የቆየ ባትሪ በሳህኖቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ስለሚጠነክርበት መልሶ የመሙላት አቅሙ ይዳከማልና።

ምሳሌ

አሁን በኩልመስክ አለ ወዳልነው ትራክተር እንመለስ። የበልጉ ዝናብ ከጣለ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሞተሪኖው ያቃስታል፣ መብራቱ ግን ደማቅ ነው። ባለቤቱ ባለፈው ዓመት በተመሳሳይ ምክንያት ባትሪ ለውጦ ነበር፤ ለጥቂት ሳምንታትም ደህና ሠርቶለታል። አሁን ሁለተኛ ባትሪ ሊገዛ ተነሥቷል።

ምርመራው ግን የሚከተለውን አሳየ። ባትሪው ሲያርፍ 12.6፣ ሞተሪኖው ሲዞር 11.2 ቮልት ነው፤ ስለዚህ ጤነኛ ነው። በሞተሪኖው መታሰሪያና በአካሉ መካከል የሚነበበው ግን 8.2 ብቻ ነው። የጎደለው 3 ቮልት ወዴት ሄደ? በፖዘቲቩ ወገን 0.3፣ በነጌቲቩ ወገን 2.7 ተገኘ። የነጌቲቩ ገመድ ከትራክተሩ አካል ጋር የታሰረበት ብሎን በእጅ ሲዳሰስ ሞቋል፤ ከላይ ያሰላነው 405 ዋት የሚነደው እዚያ ነው። ብሎኑ ተፈትቶ፣ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ጠብቆ ታስሮ ግሪስ ተቀባ። በድጋሚ ሲለካ 0.2 ቮልት ሆነ፤ ሞተሩም ተነሣ። ወጪው የብርጭቆ ወረቀት ዋጋ ነው።

ታዲያ ያለፈው ዓመት አዲስ ባትሪ ለምን ሠራ? ባትሪው ሲለወጥ ገመዱ ስለሚነቀነቅ በብሎኑ ሥር ያለው ዝገት ለጊዜው ይፋቃል። የተሻለው ማያያዣው እንጂ ባትሪው አልነበረም። ዕቃ በመለወጥ የሚደረግ ጥገና የሚያሳስተን በዚህ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ይሳካል፣ ምክንያቱን ግን አያስተምርም።

ማጠቃለያ

የኤሌክትሪክ ብልሽት ለዓይን ስለማይታይ ምትሃት ይመስላል እንጂ እንደ ማንኛውም የተፈጥሮ ክስተት ሕግ አለው። ባትሪ የሰጠው ቮልቴጅ ከመንገድ ከጎደለ የጎደለበት ቦታ አለ፤ ቦታውም በመለካት ይገኛል። ስለሆነም ትራክተር ያለው ሰው በየወቅቱ መጀመሪያ፣ ይኸውም ከበልግና ከክረምት እርሻ በፊት፣ ባትሪው ሲያርፍ፣ ሞተሪኖው ሲዞርና ዲናሞው ሲሞላ የሚነበቡትን ሦስት ቁጥሮች በደብተር ቢመዘግብ መልካም ነው። የዘንድሮው ቁጥር ካምናው ሲያንስ ደብተሩ ብልሽቱን ከእርሻው ቀን አስቀድሞ ይነግረዋል። ምራኑን ከማለዳው የፈተሸ ገበሬ ማሳው መካከል ላይ አይቆምም።